ሲሠራ ማንም ያላየው መስመር

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ቃል የገባሁላችሁ ምልክት ስላላቸው ቁጥሮች ልናወራ ነበር፤ እርሱ ይቆየን። አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል፤ እርሱን ሳልናገር ሌላውን በቅጡ አላወራም።

ያቺን ባልደረባዬን ታውቋታላችሁ፤ «ጋሼ፣ ወረቀቱን ይተዉትና ማሽኑ ይናገር» የምትለዋን። የማካፈያውን ኮድ የያዘችው እርሷ ናት። ባለ 128 ቢት ቁጥርን፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ ብቻ የሚይዙ 128 ቦታዎች ያሉትን፣ በባለ 128 ቢት ቁጥር ማካፈል፣ ያውም በአንድ ጊዜ ከ32 ቢት በላይ በማይዝ ትንሽ ፕሮሰሰር ላይ። በጠረጴዛችን ላይ ባለው ኮምፒውተር ቢሆን የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ራሱ ይሠራልን ነበር፤ ጂሲሲ የተባለው የእኛ ኮምፓይለር ለ64 ቢት ማሽኖች የ128 ቢት ዓይነት አለው። ለ32 ቢቶቹ ግን የለውም። ስለዚህ ቁጥሩን አራት ቦታ እንቆርጠዋለን፣ እያንዳንዱን ቁራጭ እንደ አንድ አኃዝ እንቆጥረዋለን፣ ከዚያ በትምህርት ቤት የተማርነውን ረጅሙን ማካፈል በሲ ቋንቋ በእጃችን እንጽፋለን።

ይህን ያህል ሰፊ ቁጥር ለምን አስፈለገ የምትሉ አላችሁ። ምክንያቱ ጊዜ ነው። የሰዓት ምት በአንድ ቁጥር ተባዝቶ ወደ ናኖሰከንድ ሲለወጥ፣ የመጨረሻው መልስ በ64 ቢት ውስጥ ቢገባም መካከል ላይ ያለው ብዜት ላይገባ ይችላል። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ላይ የደረሰውን አስታውሱ። ብዜቱ በ64 ቢት ተይዞ ከዚያ 10 ቢት ወደ ቀኝ ይገፋ፣ ማለትም ለ1024 ይካፈል ነበር፤ በዚህ ምክንያት ቆጠራው 2 ርቢ 54 ናኖሰከንድ ላይ ሲደርስ ይሞላና ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ማለት ማሽኑ ሳይጠፋ 208 ቀን ተኩል ሲቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አስተካከሉት። እስኪ አስቡት፣ 208 ቀን ተኩል! የትኛው ፈታኝ ነው ያን ያህል ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ? ይህን ሳስብ ዛሬም ሆዴ ይረበሻል፤ ምክንያቱም ያንን ኮድ የጻፉት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ፈተናዎቹ ሲሮጡ እያንዳንዱ የኮድ መስመር ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚቆጥር መሣሪያ አለ። አንዴም ያልተነካውን መስመር ቀይ አድርጎ ያሳያል። እርሷ ያንን ገጽ ከፍታ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። «ጋሼ፣ እዚህ ያለው መስመር በዚያ ሁሉ ሙከራ አንድ ጊዜም አልሠራም። የሞተ ኮድ ነው፤ ላጥፋው?» አለችኝ።

«አትንኪው» አልኳት።

ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ዘወር ብለው ያዩን ሰዎች ነበሩ። እርሷ አልተቆጣችም፤ ጣቷን አንስታ ጠበቀችኝ። እኔም ወረቀት አነሣሁ፤ በዚህ ጊዜ ስለ ወረቀቱ ምንም አላለችም።

4071ን ለ509 እናካፍል። ድርሻውን የምንገምተው ከፊት ያሉትን አኃዞች አይተን ነው፤ 40 ለ5፣ ስምንት። አንድ አኃዝ ጨምረን እናጣራ ብንልም 407 ለ50 ያው ስምንት ነው። ግምቱ በሁለት ምስክር ጸደቀ ማለት ነው። እንግዲህ 8ን በ509 ስናባዛ 4072 ይመጣል። በአንድ በለጠ! ከ4071 ስንቀንሰው ከዜሮ በታች ወረድን። ስለዚህ 509ን መልሰን እንደምራለን፣ ድርሻውን ወደ ሰባት እናወርዳለን፣ ቀሪው 508 ይሆናል። ሦስተኛ ክፍል እያለን ስምንቱን በላጲስ አጥፍተን ሰባት የጻፍንበት ቦታ ነው። ቀዩ መስመር ያ ነው፤ መልሶ መደመሪያው። በሲ ስንጽፈው አንድ ረቂቅ ነገር አለችው፤ መልሰን ስንደምር በላይኛው ጫፍ የሚተርፈው አንድ ቀደም ብለን ከተበደርነው አንድ ጋር ስለሚጣፋ ይጣላል። የሚያየው ሰው ሁሉ ስሕተት ይመስለዋል።

በአሥር መሠረት፣ ማለትም አንድ አኃዝ አሥር ዓይነት ዋጋ ብቻ ሊይዝ ሲችል፣ ይህ ነገር ያጋጥማል፤ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። አኃዙ 32 ቢት ሲሆን ግን መሠረቱ ከአራት ቢሊዮን በላይ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑት ይህን በደንብ አጥንቶታል። የአካፋዩ የፊት አኃዝ ከመሠረቱ ግማሽ ካላነሰና በሁለተኛው አኃዝ ከተጣራ በኋላ ግምቱ የሚሳሳትበት ዕድል ሁለት ለመሠረቱ ሲካፈል የሚመጣውን ያህል ነው። በእኛ ኮድ ከሁለት ቢሊዮን አንድ ጊዜ ገደማ መሆኑ ነው። ሚሊዮን የዕጣ ቁጥር ብታስገቡበት ላታገኙት ትችላላችሁ። ክኑት ራሱ ይህን እርምጃ የሚያነቃ ቁጥር ሆን ተብሎ መዘጋጀት እንዳለበት አሳስቧል።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝ። ከዚያ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እርስዎ ዛሬ ባይኖሩ ኖሮ አጠፋው ነበር። ሁሉም ፈተና ያልፍ ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።»

በክፋት አልነበረም የተናገረችው። እንደዚያው፣ የሆነውን እንደሚዘግብ ሰው። እኔ ግን ምንም አልመለስኩላትም። ቤት ገብቼ፣ እራት ቀርቦ፣ ያ «ማንም አያውቅም ነበር» የሚለው ነገር ጆሮዬ ላይ ነበር።

ፔንቲየም የተባለው ፕሮሰሰር ታሪክ ትዝ አለኝ፤ በእርግጥ ያኛው የተንሳፋፊ ነጥብ፣ ማለትም ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ማካፈል ነው፣ በሲሊኮን ላይ የተሠራ ነው። ነገሩ ግን የአንድ ቤተሰብ ነው፤ እርሱም የድርሻውን አኃዝ ከሰንጠረዥ እያየ ይገምታል። ከሰንጠረዡ ጥቂት ቦታዎች ባዶ ቀርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባለ የሒሳብ መምህር በሁለት ብቻ የሚለያዩ መንትያ ብቸኛ ቁጥሮችን ሲያሰላ መልሱ አልገጥም አለው። ስሕተቱ አምራቹን ኢንቴልን 475 ሚሊዮን ዶላር አስወጣው። 4195835 ለ3145727 ሲካፈል 1.33382 መምጣት ሲገባው 1.33374 ይሰጥ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ገንዘቡ አይደለም። ሰውየው ማሽኑን አለማመኑ ነው። መልሱ ሲያንገራግር «የእኔ ፕሮግራም ይሆናል» ብሎ ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ አጣርቶ በመጨረሻ ወደ ፕሮሰሰሩ መድረሱ። እንዲህ ያለ ሰው በየቦታው አለ ወይ? እኛ ዘንድስ?

በነጋታው ቁጥሩን አብረን ሠራነው። የ509ን መልክ ያዝን፤ የላይኛው ቁራጭ የመሠረቱ ግማሽ፣ መካከለኛው ዜሮ፣ የታችኛው እስከ አፉ ሙሉ። ስምንት እጥፉን ወስደን አንድ ቀነስንለት። አስገባነው። መስመሩ አረንጓዴ ሆነ፤ አጠገቡ 1 የሚል ቁጥር ብቅ አለ። ቀሪውም ልክ ነበር፤ ከአካፋዩ በአንድ ያነሰ። ደስ አለኝ፤ ልደብቀው አልችልም፣ በጣም ደስ አለኝ።

እርሷ ፊቷ አልፈታም። «የሠራው እኛ ስለምናውቀው ነው» አለች። «የማናውቀውስ?»

ክኑት ማስረጃ አለው፣ ግምቱ ከሁለት በላይ አይበልጥም፣ ማስረጃውን አንብበሽ ማረፍ ትችያለሽ ልላት ነበር። ማስረጃው ግን ስለ ስልቱ እንጂ ስለ እኛ ሲ አይደለም። በመካከል የቁጥሩን ፊት ለማስተካከል ወደ ግራ የምንገፋበት ቦታ አለ፤ የሚገፋው መጠን ዜሮ ሲሆን ተቃራኒው መግፊያ 32 ይሆናል፤ ሲ ደግሞ 32 ቢትን በ32 መግፋት ምን እንደሚሆን አይደነግግም። የኢንቴል ፕሮሰሰር ቁጥሩን እንዳለ ይተወዋል፣ አርም የተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ዜሮ ያደርገዋል። በጠረጴዛ ላይ የተፈተነው በመሣሪያው ላይ ሌላ ይሆናል። ይህን እርሷ ቀድማ ለይታ ይዛዋለች፤ ኮራሁባት። ሆኖም እንዲህ ያለው ነገር ሌላ ስንት ቦታ አለ?

ከመስመሩ በላይ ማስታወሻ ጻፊበት አልኳት። «4071 ÷ 509» ብላ ብቻ ጻፈች። አይበቃም አልኩ፤ ይበቃል አለች፤ የሚያካፍል ሰው ይገባዋል አለች። ምናልባት ትክክል ናት። ወይም አይደለችም፤ አላውቅም።

አሁን ደግሞ የተቀረችው ቀይ መስመር አለች፤ አካፋዩ ዜሮ ሲሆን ምን ይደረግ የምትለዋ። ኢንቴል ላይ ፕሮሰሰሩ ፕሮግራሙን ያቋርጠዋል። ሪስክ ፋይቭ የተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ሁሉንም ቢት አንድ አድርጎ ይመልሳል። የአርም ኮርቴክስ ኤም 3 ፕሮሰሰር እንዲያቋርጥ ካልታዘዘ ዜሮ መልሶ ዝም ብሎ ያልፋል። እርሷ መሣሪያው ወዲያው ይቁም ባይ ናት። እኔ ደግሞ መሣሪያው ሰው የሌለበት ቦታ ላይ የተተከለ ነው፣ ከቆመ ማን ያስነሣዋል ብዬ… ግን ዜሮ መልሶ የሚቀጥል ሰዓትስ፣ ያም ቢሆን… ነገ እንነጋገርበታለን ብለናል። እስከዚያው መስመሯ ቀይ ናት።