የውሃ ማጣሪያው ጭቃ ሲሞላ ቧንቧውም ይደርቃል

[ምስል፦ ከቧንቧ ወደ ብርጭቆ የሚወርድ ውሃ]

ይሄ ውሃ ከወንዝ ሲነሳ እንዲህ የጠራ አልነበረም። አፈር ነበረበት፣ አልጌ ነበረበት፣ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ነበሩበት። ታዲያ ያ ሁሉ የት ገባ? ውሃ ለምን እንደሚጠፋ ሲወራ ድርቅ፣ የመብራት መቋረጥና የተሰበረ ቧንቧ ይነሳሉ። የማጣሪያ ጣቢያውን ጭቃ ግን ማንም አያነሳውም። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መነሳት ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉት ደቃቅ ቅንጣቶች ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ለዚህ ነው ብዙ ቢቆዩም የማይረጉት። አሉም፣ ማለትም አሉሚኒየም ሰልፌት፣ ሲጨመር መገፋፋቱ ይጠፋል። ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ፣ ይወፍራሉ፣ ቀስ እያሉ ገንዳው ወለል ላይ ያርፋሉ። የጠራው ውሃ ወደ አሸዋ ማጣሪያ ያልፋል። ከታች የቀረው ዝቃጭ ይባላል።

አሸዋውም ይደፈናል። ያኔ የተጣራ ውሃ ከታች ወደ ላይ በኃይል ይለቀቅበትና ይታጠባል፤ ባለሙያዎቹ ባክዋሽ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ከተመረተው ውሃ ከ2 እስከ 5 በመቶው ለዚህ ይሄዳል። በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ የሚያመርት ጣቢያ ከሆነ 5 በመቶው 5,000 ሜትር ኪዩብ ነው፣ ያውም በየቀኑ! ይሄን መድፋት ያሳዝናል። ስለዚህ ብዙ ጣቢያዎች አስረግተው ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመልሱታል፤ ውሃ ሲያጥርም ትልቅ ማካካሻ ነው። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ማጣሪያው የያዘው ተሕዋስ ሁሉ እዚያ እጣቢ ውስጥ ነው ያለው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ደግሞ ክሎሪን ብዙም አይበግረውም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ይሄው ተሕዋስ ማጣሪያውን አልፎ 400,000 ገደማ ሰው እንዳሳመመ ይገመታል። አሜሪካ በ2001 ያወጣችው ደንብም እጣቢው ሲመለስ የማጣሪያውን ደረጃዎች በሙሉ እንደገና እንዲያልፍ ያዛል።

[ምስል፦ የዝቃጭ ማድረቂያ ሜዳ]

ወደ ዝቃጩ እንመለስ። ከገንዳ ሲወጣ አብዛኛው ውሃ ነው። ጠጣሩ 2 በመቶ ከሆነ፣ 100 ቶን ዝቃጭ ውስጥ ያለው ጠጣር 2 ቶን ብቻ ነው ማለት ነው። ውሃው ተጨምቆ ጠጣሩ 20 በመቶ ሲደርስ ያው 100 ቶን ወደ 10 ቶን ይወርዳል። ለመኪና፣ ለነዳጅና ለመድፊያ ቦታ ያለውን ልዩነት አስቡት። ከዚያ ለጡብና ለሲሚንቶ ግብዓት የሚያውሉት አሉ። ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ግን ይቅር። ከታች የሚኖረውም ሰው ከዚያው ወንዝ ነው የሚቀዳው፤ ውሃው አሲዳማ ከሆነ ደግሞ አሉሚኒየሙ ዓሣ ይገድላል።

ጉዱ የሚፈላው ዝናብ ሲበረታ ነው። ወንዙ ይደፈርሳል፣ አሉም በብዛት ይጨመራል፣ ዝቃጩም አብሮ ይበዛል፤ ማድረቂያው ሜዳ ላይ እየዘነበበት ስለሆነ ደግሞ የቀደመው አልደረቀም፣ አዲሱን ማስገቢያ ቦታ የለም፣ ስለዚህ ገንዳው ሳይጠረግ ይቆያል። ገንዳው ሲሞላ ጭቃው ወደ አሸዋው ያልፋል። አሸዋው ቶሎ ቶሎ ይደፈናል፣ እጥበቱም ይደጋገማል፣ ለሕዝብ የሚወጣው ውሃ ይቀንሳል። ወንዙ ሞልቶ ቧንቧው ይደርቃል!

በዚያው ሰሞን መንገድ በጎርፍ ይቆረጥና አሉም የጫነው መኪና ይቀራል። መጋዘኑ ውስጥ የ30 ቀን አለ ይባላል። ግን በየትኛው መጠን ተሰልቶ? በአዘቦቱ ከሆነ፣ መጠኑ 3 እጥፍ ሲሆን 10 ቀን ብቻ ነው የሚቀረው። መጠባበቂያ መሰላት ያለበት በክፉው ቀን መጠን ነው።

ዝም ብሎ ማከማቸትም መፍትሔ አይሆንም። ፈሳሽ ክሎሪን፣ ማለትም በውሃ የተበጠበጠው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ በሙቀት ኃይሉን እያጣ ይሄዳል፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ መውጣት አለበት። አቅራቢም አንድ ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የአሜሪካዋ ኦርላንዶ ከተማ ነዋሪዎቿን ውሃ ቆጥቡ ብላ ነበር። የወንዝ ጉዳይ አልነበረም። ለውሃ ማከሚያ የምትጠቀምበት ፈሳሽ ኦክስጅን ለኮቪድ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል በመዞሩ ነው።

[ምስል፦ በመደዳ የቆሙ ስድስት ብርጭቆዎች]

እኔ በጣም የምወደው መፍትሔ ይሄ ነው፤ ጃር ቴስት ይባላል። በስድስቱም ብርጭቆ የወንዙ ውሃ አለ፤ በየአንዳንዱ የተለያየ መጠን አሉም ይጨመራል። መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ በዝግታ ይማሰላል። ቆም ሲል ጭቃው እንደ ጥጥ ቁራጭ እየተሰባሰበ ሲወርድ በዓይን ይታያል። በትንሹ አሉም በደንብ የጠራው ይመረጣል። አሉም ይተርፋል፣ ዝቃጭ ይቀንሳል፣ መጋዘኑም ብዙ ቀን ይቆያል። ወንዙ በሚደፈርስበት ሰሞን ይሄ በየዕለቱ፣ ካስፈለገም በየሰዓታቱ መሠራት አለበት። ተለዋጭ ኬሚካልም በዚሁ ይፈተሻል፣ ታዲያ ችግሩ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ውሃ አገልግሎት ውስጥ የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ሄዳችሁ እዩልኝ። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ የሚያስነሳው ትልልቆቹን የውሃ ፓምፖች ብቻ ነው ወይስ የዝቃጩንም ፓምፕ? የዝቃጩ ከሌለበት አሁኑኑ አስገቡት።