ማኅበሩ በክርክር አልተረታም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ባለፈው ስብሰባ አንድ ወንድማችን «ሎጂካዊ ኢምፔሪሲዝም የሞተ ፍልስፍና ነው፤ ምን ያደርግልናል?» ሲል ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ይህ ፍልስፍና ስለ ዓለም የምንናገረው በሎጂክና በተሞክሮ ይፈተን የሚል ነው። ሞቷል ከተባለ አሟሟቱን እንነጋገር።

ነገሩ የሆነው ቪየና ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 በፊዚክስ ሊቁ በኤርንስት ማክ ስም አንድ ማኅበር ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሊክ ነበሩ። የዚሁ ፍልስፍና አራማጆች ሩዶልፍ ካርናፕ፣ ሃንስ ሃንና ኦቶ ኖይራትም ነበሩበት። እነዚህ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ማታ እርስ በርሳቸው ይከራከሩ ነበር። ማኅበሩ ግን ለእነሱ ብቻ አልነበረም። ለከተማው ሕዝብ ስለ ሳይንስና ስለ ሎጂክ ንግግር ያዘጋጅ ነበር። የሚጠይቀው ቀላል ነው፦ ስለ ዓለም አንድ ነገር ከተናገርክ፣ እውነትነቱ በምን ይታወቃል? ይህ ጥያቄ ለማንም አያጎበድድም። ለባለሥልጣን ደግሞ አይመችም።

በፌብሩዋሪ 1934 ኦስትሪያ ውስጥ የእርስ በርስ ውጊያ ተነሣ። የቻንስለር (የመንግሥት መሪ) ዶልፉስ መንግሥት ሶሻል ዴሞክራቶቹን ከመታ በኋላ ማኅበሩንም ዘጋው። ሽሊክ ማኅበሩ ፖለቲካ ውስጥ እንደሌለበት ለባለሥልጣናት ጻፉ። ሰሚ አላገኙም።

ጁን 22 ቀን 1936 ጠዋት ሽሊክ ሊያስተምሩ ወደ ዩኒቨርሲቲው ገቡ። ደረጃው ላይ ዮሃን ኔልቦክ የተባለ የቀድሞ ተማሪያቸው ሽጉጥ ይዞ ጠበቃቸው። እዚያው ገደላቸው። ሰውየው ቀደም ሲልም ሲዝትባቸው የኖረ ነው። ከዚያ የባሰው ግን በኋላ መጣ። አንዳንድ ጋዜጦች ጥፋቱን በሟቹ ላይ አላከኩ! ፍልስፍናቸው ወጣቱን መርዟል ተባለ። አይሁዳዊ ሳይሆኑ አይሁዳዊ ተደረጉ፤ ቢሆኑስ ኖሮ ሊገደሉ ይገባ ነበር? ነፍሰ ገዳዩ 10 ዓመት ተፈረደበት። ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ በ1938 ተለቀቀ። እንግዲህ ይህ ነው በክርክር መሸነፍ?

በርሊን የነበረው የዚሁ ፍልስፍና ማኅበርም ዕጣ ከዚህ አይሻልም። መሪው ሃንስ ራይኸንባኽ በ1933 ከሥራ ተባርሮ ኢስታንቡል ገባ። ባልደረባው ኩርት ግሬሊንግ አውሽዊትዝ ውስጥ ተገደለ።

ትምህርታቸው ስሕተት አልነበረበትም አላልኩም። የማረጋገጫ መርሓቸውን፣ ማለትም ሊረጋገጥ የማይችል አባባል ትርጉም የለውም የሚለውን፣ ቀድመው ያለዘቡት ግን ራሳቸው ናቸው፤ ካርናፕ በ1930ዎቹ የጻፈውን ማየት ይበቃል።

አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ በ1929 ያወጡትን መግለጫ እናንብብ። ንባቡም ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ክፍት ይሁን። አመሰግናለሁ።