ቀይ ሸረሪት ቢጫ ወጥመድ ላይ ለምን አይያዝም? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከዘንዘልማ የደወሉ አድማጭ፦ ቲማቲም ማሳዬ ውስጥ ቢጫ ሙጫማ ወጥመድ ሰቅያለሁ። ነጭ ዝንብ ሞልቶታል፤ ቀይ ሸረሪት ግን አንድም አልያዘም። ቅጠሉ እየነጣ፣ ከሥሩም ድር እያደራ ነው።

መልስ፦ ወጥመዱ ደህና ነው፤ ቢጫ ቀለም የሚስበው የሚበሩትን፣ እንደ ነጭ ዝንብና ክንፍ እንዳወጣ ክሽክሽ ያሉትን ነው። ቀይ ሸረሪት ማይት ከሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት አንዱ ነው፤ ክንፍ የለውም፤ እየዳኸ ወይም በድሩ ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲወስደው ነው የሚዛመተው። ስለዚህ ነጭ ወረቀትና 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይያዙ። ወረቀቱን ከቅጠሉ ሥር አድርገው ቅጠሉን መታ መታ ያድርጉት። የወደቀው ነጥብ መሄድ ከጀመረ ቅጠሉን ገልብጠው በመነጽር ይዩት፦ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ 8 እግር ያለው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ያረፈበት ከሆነ እሱ ነው። ነጥብ የሌለው፣ የሚያብረቀርቅና ፈጥኖ የሚሮጥ ካዩ ግን አይንኩት፤ ቀይ ሸረሪትን የሚበላ ወዳጅዎ ሊሆን ይችላል።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ቢያንስ በሳምንት አንዴ ከ50 ተክል፣ ከእያንዳንዱ አንድ ቅጠል ይዩ፤ ከታችና ከመሃል ይሁን። ሙቀት ሲበረታ ከእንቁላል ተነስቶ ለመውለድ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚበቃው፣ አንድ ሳምንት መዝለል ብዙ ያስከፍላል። አቧራ ከሚነሳበት የመንገድ ዳር ይጀምሩ። ተባዩን አንድ በአንድ መቁጠር ትርፉ ድካም ነው፤ ስንት ቅጠል እንደተያዘ ብቻ ይጻፉ።

ከዘጌ፦ የቡናዬ ቅጠል ነሐስ መስሏል። ገልብጬ ባየው ምንም የለም።

መልስ፦ አይገልብጡት፣ ላዩን ይዩ። ቡና ላይ የሚወጣው ሌላ ዝርያ ነው፤ በእስያ የሻይ እርሻዎችን የሚያስቸግረው ያው ነው፤ የበሰለ ቅጠል ላይኛውን ገጽ ይመጥጣል። ጥላው የተቆረጠበትን ዛፍ ያስቀድሙ። ጠንካራ ዝናብ ሲጥል አብዛኛው ይታጠባል።

ከባሕር ዳር፦ ለትል የምረጨውን መድኃኒት ለቀይ ሸረሪት ልጠቀም?

መልስ፦ አይጠቀሙ። ብዙዎቹ የትል መድኃኒቶች ቀይ ሸረሪትን አይገድሉም፤ ጠላቶቹን ጨርሰው ይብስ ያበዙታል። ለማይት ተብሎ የተመዘገበውን ይግዙ፤ መጠኑን ከመለያው ወረቀት ያንብቡ፤ ቲማቲም ላይ ከሆነ የመርጫውን አፍንጫ ወደ ላይ አድርገው ከቅጠሉ ሥር ይርጩ። ድኝ ከሆነ በጠዋት እንጂ በቀትር አይሁን፤ ቅጠል ያቃጥላል። ብዙ ጊዜ እንቁላሉ ስለሚተርፍ ከሳምንት በኋላ ያንኑ ረድፍ በነጩ ወረቀት እንደገና ይፈትሹ።