አባ ጋደም በጣርማ በር

ደረጀ፦ እንግዲህ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ቃል በገባነው መሠረት በጭጋግ ውስጥ ሞተር ስለመንዳት ነው የምናወራው። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱ፣ በጣርማ በር የምታልፉ ሁሉ...

ሰናይት፦ ቆይ ቆይ። እጅህን ምን ነካው?

ደረጀ፦ የቱን?

ሰናይት፦ በሻሽ የጠቀለልከውን ነዋ። አድማጮች አያዩትም፣ እኔ ግን ፊት ለፊትህ ተቀምጫለሁ።

ደረጀ፦ ምንም አይደል፣ ወለም ብሎኝ ነው። እና ጭጋግ ሲባል...

ሰናይት፦ ይሄስ ቆሎ? ጠረጴዛውን የሞላው?

ደረጀ፦ የደብረ ሲና ቆሎ ነው። ብይ፣ ብይ። ቀስ ብለሽ ግን።

ሰናይት፦ ለምን ቀስ ብዬ?

ደረጀ፦ አልፎ አልፎ ጠጠር አለው።

ሰናይት፦ (ሳቅ) ወድቀሃል አይደል?

ደረጀ፦ ወደቅኩ። በቃ? ወደ ርዕሳችን እንመለስ?

ሰናይት፦ በስንት ፍጥነት?

ደረጀ፦ ...

ሰናይት፦ ደረጀ፣ በስንት?

ደረጀ፦ ልቆም ስል ነው። ምን ልበልሽ፣ በሰዓት ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር። አጠገቤ አንዲት በግ ትሄድ ነበር፣ እሷ ቀድማኛለች።

ሰናይት፦ (ረጅም ሳቅ) ኧረ በሥላሴ! ቆመህ ነው የወደቅከው በለኛ!

ደረጀ፦ ቆሜ አይደለም፤ ልቆም ስል። ልዩነት አለው። እሺ፣ ካወራሁ አይቀር ከሥሩ ልጀምርልሽ። ሞተሩ የኔ አይደለም፣ የአክስቴ ልጅ ነው። ቢ ኤም ደብሊው ጂ ኤስ 1150። እኔ የለመድኩት ትንሿን ቦክሰር ነው፤ እሷ ብትወድቅ እንኳ እንደ ወንበር ነው አንስተሽ የምታቆሚያት። ይሄኛው ቤንዚን ከሞላ 250 ኪሎ ሊደፍን አንድ ኪሎ ነው የሚቀረው።

ሰናይት፦ ሁለት ኩንታል ተኩል!

ደረጀ፦ ሁለት ኩንታል ተኩል በሁለት ጎማ። የሦስት አህያ ጭነት ነው እኮ። ቁመቱም ቁመት ነው። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ...

ሰናይት፦ አጭር ነህ።

ደረጀ፦ መካከለኛ ነኝ። መቀመጫው ላይ ስወጣ መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነው። አስፋልት ላይ ከተነሳ በኋላ ግን ክብደቱ የት እንደሚገባ አይታወቅም። ከደብረ ብርሃን ስወጣ ንጉሥ የሆንኩ ነው የመሰለኝ።

ሰናይት፦ እና ንጉሡ የት ወደቁ?

ደረጀ፦ የመጀመሪያው...

ሰናይት፦ የመጀመሪያው? ስንት ጊዜ ነው የወደቅከው?

ደረጀ፦ ሁለት። የመጀመሪያው አይቆጠርም፣ ምክንያቱም እኔ ላዩ ላይ አልነበርኩም። ከከተማ ሳልወጣ ነዳጅ ቀዳሁ፣ ከፈልኩ፣ ሞተሩን ወደ ጥግ ገፋሁ፣ እንደ ጨዋ ሰው ወረድኩ። ስታንዱን ሳላወርድ።

ሰናይት፦ ውይ!

ደረጀ፦ ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ከኋላዬ «ጓ!» ሲል ዞርኩ። ተኝቷል። ነዳጅ የሚቀዳው ልጅ ቱቦውን እንደያዘ «ጋሼ፣ ደክሞት ነው» አለኝ።

ሰናይት፦ (ሳቅ) ደክሞት ነው! እንደውም የፈረስ ስም እናውጣለት። ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና ናቸው፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። አንተ ደግሞ አባ ጋደም!

ደረጀ፦ አባ ጋደም?

ሰናይት፦ አባ ጋደም ደረጀ። አንጎለላ አጠገብ አድገህ የፈረስ ስም ሳይኖርህ ልትቀር ነበር እኮ።

ደረጀ፦ እሺ ተቀብያለሁ። አባ ጋደም ይሁን። (ሳቅ) እና እዚያ ከልጁ ጋር ተጋግዘን አነሳነው፣ ጉዞ ቀጠልኩ። ጣርማ በር ስደርስ ጭጋጉ ቁልቁል ወርዷል። ታውቂዋለሽ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አንዳንዴ ዋሻው አፍ ላይ ቆመሽ ዋሻው አይታይም። ከመንገዱ ዳር ሴቶች ቆሎ ዘርግተዋል፣ ልጆች የበግ ጠጉር ቆብ ይሸጣሉ። እኔም ቆሎ ልግዛ አልኩ።

ሰናይት፦ በዚያ ብርድ።

ደረጀ፦ በዚያ ብርድ። ሁለተኛ ማርሽ፣ አንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ያዝኩ፣ ወደ ዳር ወጣሁ። ሁሉም ዞረው እያዩኝ ነው፤ ትልቅ ሞተር ነዋ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ መሪውን ወደ ሴቶቹ አዙሬ፣ የፊት ፍሬን ጨበጥ...

ሰናይት፦ ይኸው! ተገኘ። መሪ ዞሮ የፊት ፍሬን! ይሄን እኮ ለጀማሪ የምንነግረው ነው።

ደረጀ፦ ቆይ አላለቀም። ሞተሩም ጠፋብኝ። ከፍታው ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ጉልበት ያጣል፤ በየሺህ ሜትሩ አሥር ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። እዚያ ላይ ሲሶው ጉልበት የለም ማለት ነው።

ሰናይት፦ ጉልበት ማጣት ሌላ፣ መጥፋት ሌላ። እሱ ሞተር ካርቡሬተር ነው እንዴ? ኢንጀክሽን አይደል? ኢንጀክሽን እኮ ቤንዚኑን እንደ አየሩ ይመጥናል። የጠፋብህ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለለቀቅከው ነው።

ደረጀ፦ መጠነም አልመጠነም አየሩ ቀጭን ነው።

ሰናይት፦ ጣርማ በር ላይ አታላክክ!

ደረጀ፦ ግማሽ ግማሽ እንካፈል። ግማሹ እኔ፣ ግማሹ ተራራው።

ሰናይት፦ ሩቡን ለተራራው እሰጣለሁ።

ደረጀ፦ እሺ። አሁን ዋናው መጣ። ሞተሩ ወደ ግራ ማዘንበል ሲጀምር ግራ እግሬን ዘረጋሁ። ዘረጋሁ... መሬት የለም።

ሰናይት፦ እንዴት የለም?

ደረጀ፦ አስፋልቱ አልቆ ዳሩ ዝቅ ብሏላ! እግሬ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ መሬቱ አይመጣም። ያቺ ቅጽበት እኮ ሰናይት፣ አንድ ዓመት ናት። የምትወድቂ መሆኑን አውቀሻል፣ ገና ግን አልወደቅሽም። ሴትዮዋም አውቃለች። ዓይን ለዓይን እየተያየን ነው የወረድኩት።

ሰናይት፦ (ሳቅ) ወይኔ!

ደረጀ፦ እንደሚሰግድ ሰው ቀስ ብዬ... እሷ «እመብርሃን!» አለች፣ እኔ ቆሎው ላይ አረፍኩ።

ሰናይት፦ ቆሎው ላይ!

ደረጀ፦ ቁናው ተገልብጧል፣ ገብሱ ሽምብራው ሱፉ ሄልሜቴ ውስጥ ገብቷል። ሞተሩ አጠገቤ ተጋድሟል፣ የኋላ ጎማው ቀስ ብሎ ይዞራል። ማዶ ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎች ነበሩ፤ እነሱም ሣር መንጨታቸውን ትተው ያዩኛል።

ሰናይት፦ ጭላዳዎቹን አሁን ነው የጨመርካቸው።

ደረጀ፦ በሥላሴ አልጨመርኩም! ጭጋጉ ገለጥ ሲል አየኋቸው። እና እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ማንም አልሳቀም። ማንም አልቀረበም። ሁሉም አፉን ይዞ ቆመ። የሞትኩ ይሁን የምቆጣ አላወቁም። ትልቅ ሞተር፣ ትልቅ ጃኬት፣ ጥቁር ሄልሜት፤ ማን ይደፍራል? እኔም ተኝቼ ሳስብ ነበር፤ ልቆጣ? በማን? በበጓ? ከዚያ ዝም ብሎ ሳቄ መጣ። እንደተጋደምኩ ቀና ብዬ «እናቴ፣ ቆሎው ስንት ነው?» አልኳት።

ሰናይት፦ (ሳቅ፤ ጠረጴዛ ይመታል) ተኝተህ!

ደረጀ፦ ተኝቼ። እሷ ሳቀች፣ ሁሉም ሳቀ፣ ያኔ ነው ሰው ሁሉ የሮጠው። ካልሳቅሽ አይመጡልሽም። ስድስት ሰው መጣ።

ሰናይት፦ በሬ ሲወድቅ ቢላዋ ይበዛል።

ደረጀ፦ ቢላዋ አይደለም፣ ስልክ ነው የበዛብኝ! ሦስቱ ያነሳሉ፣ ሦስቱ ይቀርጻሉ። አንድ ልጅ የኋላውን ይዞ «ጅራቱን እኔ ልያዝ» ይላል፤ በድርቅ የደከመ ላም የሚያነሱ ነው የመሰለኝ። «ሆ!» ተባለ፣ ተነሳ። ባና የደረቡ አንድ አባት ዳር ቆመው ሲያዩ ነበር። ቀረብ ብለው ምን አሉኝ መሰለሽ፤ «ልጄ፣ በቅሎም እንዲሁ ናት። ስትገሰግስ አትጥልህም፤ ልትወርድ ስትል ነው።»

ሰናይት፦ ትክክል ብለዋል እኮ። ሞተር ሲሄድ ራሱን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ወደ ግራ ሊያዘነብል ሲል የፊት ጎማው ራሱ ወደ ግራ ዞር ይልና ይመልሰዋል። ፍጥነቱ ሲያልቅ ያ ነገር የለም፤ የቀረው ያንተ እግር ነው።

ደረጀ፦ የኔ እግር ደግሞ አየር ላይ ነበር።

ሰናይት፦ እጅህስ? ሲወድቅ ልትይዘው ሞክረህ ነዋ?

ደረጀ፦ ሞከርኩ።

ሰናይት፦ ለምን? ትንሽ ዘንበል ሲል ይያዛል፤ ካለፈ አለፈ ነው። ሁለት ኩንታል ተኩል በእጅ አንጓ! ልቀቀው፣ ራቅ በል፣ ይውደቅ። ብረት ይጠገናል።

ደረጀ፦ አውቃለሁ። ግን የሰው ንብረት ነው፣ እጅ ራሱ ይዘረጋል። ልጅ ሲወድቅ አትይዢም?

ሰናይት፦ ልጅ 250 ኪሎ ነው እንዴ? ቆይ ደግሞ፣ ሳቅ ሳቅ ትላለህ፣ እግርህ ሥሩ ገብቶ ቢሆንስ? በዚያ በጋለ ማርሚታ?

ደረጀ፦ እሱ ልክ ነሽ። እኔን ያዳነኝ ሞተሩ ራሱ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ እንደ ጉንጭ የወጡ ናቸው፤ ሲወድቅ በእነሱ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እግር የሚተርፍበት ክፍተት ይኖራል። ጫማዬም ወፍራም ነበር። በነጠላ ጫማ ቢሆን አልስቅም።

ሰናይት፦ ስለዚህ ሁልጊዜ አይሳቅም።

ደረጀ፦ መጀመሪያ እግርሽን ትቆጥሪያለሽ። ሁለት ከሆነ ትስቂያለሽ።

ሰናይት፦ (ሳቅ) ብቻህን ብትሆንስ? ጭጋግ ውስጥ፣ ሰው የለም።

ደረጀ፦ መንገድ አለው። ሞተሩን ታጠፊያለሽ፣ ማርሽ ውስጥ ትተይዋለሽ እንዳይንሸራተት። በቀኝ ከወደቀ ስታንዱን አስቀድመሽ ታወርጃለሽ። ከዚያ ፊትሽን አዙረሽ ሳይሆን ጀርባሽን ሰጥተሽ፣ ቂጥሽን መቀመጫው ላይ አስደግፈሽ፣ አንድ እጅ መሪ፣ አንድ እጅ የኋላው ብረት፤ በእግር ብቻ እየገፋሽ ወደ ኋላ ትንሽ ትንሽ እርምጃ። ወገብ አይነሳም፣ እግር ነው የሚሠራው።

ሰናይት፦ አንተ እንደዚያ አደረግክ?

ደረጀ፦ እኔ ቆሎ እየለቀምኩ ነበር። (ሳቅ) ግን አንድ ነገር፤ ወዲያው አላስነሳሁትም። እንደዚህ ዓይነቱ ሞተር ሲተኛ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳው ነጭ ጭስ ለቀቀ። ልጆቹ «ጭጋጉን እሱ ነው የሚሠራው» አሉ።

ሰናይት፦ ጭጋግ! ርዕሳችን!

ደረጀ፦ አዎ ርዕሳችን። ስንት ደቂቃ ቀረን?

ሰናይት፦ ትንሽ። ፍጠን።

ደረጀ፦ እሺ። ጭጋግ ውስጥ ረጅም መብራት አታብሩ፤ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁ ውስጥ ነው የሚገባው። አጭሩን። የሄልሜቱን መስታወት ትንሽ ገርበብ አድርጉ፣ አለበለዚያ ትንፋሻችሁ ሌላ ጭጋግ ይሠራል።

ሰናይት፦ ዋሻውስ? ጣሊያን የሠራው ዋሻ ከ500 ሜትር በላይ ነው፣ ውስጡም ውኃ ያንጠባጥባል። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሳይገባ ያውልቅ። ጓንትም፤ ጣት ከደነዘዘ ፍሬን ይዘገያል። እኔ መንዝ መንገድ ላይ በብርድ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ...

ደረጀ፦ ምን? ወድቀሻል?

ሰናይት፦ ተደግፌያለሁ።

ደረጀ፦ በምን?

ሰናይት፦ በመሬት። (ሳቅ) የኔ በሌላ ቀን። ለሴትዮዋ ከፈልክ?

ደረጀ፦ የቁናውን ሙሉ ከፈልኩ፣ መሬት የነካውንም ለቅሜ ወሰድኩ። እሷ ደግሞ ካልነካው አንድ እፍኝ ጨምራ «ለመንገድህ፣ ደግሞ እንዳትተኛ» ብላ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። የምትበይው ግን ያንኛውን ነው።

ሰናይት፦ አህ! ጥርሴን! ጠጠር!

ደረጀ፦ ነግሬሻለሁ እኮ ቀስ በይ ብዬ።

ሰናይት፦ የአክስትህ ልጅ አይቶታል?

ደረጀ፦ ገና። ግራው ስፔኪዮ ተሰብሯል፣ ፍሬቻው ተንጠልጥሏል። ከሥራ በኋላ ነው የምመልሰው።

ሰናይት፦ አሁን የት ነው ያለው?

ደረጀ፦ ውጭ፣ በሩ ጋ ኮብልስቶኑ ላይ አቁሜዋለሁ።

ሰናይት፦ ስታንዱን አውርደሃል?

ደረጀ፦ ...

ሰናይት፦ አባ ጋደም?

ደረጀ፦ ቆይ መጣሁ። (የወንበር ድምፅ)