ዝም ያልኩበት ቡና

እንዴት ሰነበታችሁ? የትናንቱ ቡና ከሆዴ አልወጣም።

ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ነን። የእህቴ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፣ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የክትትል ካርዷን አውጥታ «የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሰኞ ነይ ተብያለሁ» አለች። ጎረቤታችን እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ቀስ ብለው። «እኔስ ተወግቼ በሳምንቱ ወረደብኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አልወለዱም። ሰፈሩ ያውቃል፤ ከራሳቸው አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ልጅቷ ዞራ እኔን አየችኝ። መልሱ ነበረኝ እኮ! ክትባቱ ሕይወት ያለው ጀርም የለበትም። የእናቲቱ ሰውነት የሚሠራው መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ለሕፃኑ ይደርሳል። ድሮ እትብት ላይ ቅቤ ይቀባ አልነበር? እበት የሚያደርጉም ነበሩ። ጀርሙ ደግሞ አፈርና እበት ውስጥ ነው የሚገኘው። ሁለት ቀን ደህና የጠባ ሕፃን ድንገት አፉ አልከፈት ይላል። እናቴ ስታወራው አሁንም ድምጿ ይቀየራል።

ሁሉም ክትባት ለነፍሰ ጡር ይሰጣል አልልም። የኩፍኙ የተዳከመ ቢሆንም ሕያው ቫይረስ ስላለበት ከወሊድ በኋላ ይቆያል። የመንጋጋ ቆልፉ ግን ሆን ተብሎ በእርግዝና ጊዜ የሚሰጥ ነው። «ያመክናል» የሚባለው ወሬ ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኬንያ ውስጥ የካቶሊክ ጳጳሳት ሳይቀሩ እንዲህ ብለው፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አስተባብለዋል። ለሴት ልጆች የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባትም ከዚህ ሐሜት አላመለጠም። ማኅፀን እንዲጠብቅ የተሠራ ክትባት!

ግን እትዬ ወሬ አላወሩም። የደረሰባቸውን ነው የተናገሩት። ከታወቁ 100 እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይወርዳሉ፤ የተወጋችም ያልተወጋችም ላይ ይደርሳል። ይህንን ለእሳቸው በምን አንደበቴ ልበላቸው? ስንት ዓመት ሙሉ መርፌው ነው ብለው ኖረዋል። መርፌውን ብወስድባቸው ምን ይቀራቸዋል? «ታዲያ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» ይሉ ይሆናል። ወይም እኔ ነኝ እንዲህ የማስበው፣ እንጃ።

ጭጭ አልኩ። ከዚያ «ቡናው ግሩም ነው» አልኩ። ልጅቷ ካርዷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ያ አስተጣጠፏ... ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት።

ዛሬ ደወልኩላት። ስለ ሕፃን ልብስ አወራን። ስለ ክትባቱ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ነገ ጠዋት አብሬያት ልሂድ እያልኩ ነው። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ግን በእትዬ በር ነው። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «ወዴት ናችሁ?» ቢሉን...