ዱካው ሲጠፋ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ። ስልኮቻችን የሚተዉትን የጂፒኤስ ዱካ እያየን የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ማወቅ እንችላለን ወይ?

ኦፕንስትሪትማፕን ታውቁት ይሆናል፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች እየሠሩት ያለ የዓለም ካርታ ነው። መጀመሪያ አካባቢ አንዱ ጂፒኤስ ይዞ ይዞራል፣ ዱካውን ይጭናል፣ ከዚያ በዱካው ላይ መንገዱን ይሥላል። ሰው ካለፈበት መንገድ አለ ማለት ነው። የሚከብደው ሰው ማለፍ ያቆመበትን ማንበብ ነው።

ትናንት ድረስ ዱካ ሲግተለተልበት የነበረ መንገድ ድንገት ጭር ይላል፣ አጠገቡ ያለው ጠባቡ ደግሞ ይጨናነቃል። ጥሩ ፍንጭ ነው። እኔን ግን ከጭርታው ይልቅ የሚያሳምነኝ አዙሮ መመለሱ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይቆማል፣ አዙሮ በመጣበት ይመለሳል። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ዕቃ ረስቶ ይሆናል። የማይተዋወቁ ሰዎች በተለያየ ሰዓት እዚያው ቦታ ላይ ሲያዞሩ ግን እዚያ የሆነ ነገር አለ! ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጡትም የሚያዞሩበት ነጥብ ከታየ ደግሞ፣ የተዘጋው ከየት እስከ የት እንደሆነ ራሱ ይገለጣል። ወራት ያለፈው የሳተላይት ፎቶ ይህን አይነግራችሁም።

ጭርታ ግን ብዙ ምክንያት አለው። በዓል ይሆናል፣ ዝናብ ይሆናል፣ ወይም መጀመሪያውኑ ዱካውን የሚያጋራ ሰው ብዙም የማያልፍበት መንገድ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ክፍት ሰማይ ስር እንኳ 5 ሜትር አካባቢ ሊስት ይችላል፣ ረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ይብስበታል፣ ስለዚህ ጎን ለጎን ከሚሄዱ ሁለት መንገዶች የትኛው እንደተዘጋ መለየት ያስቸግራል። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሲሞን ቬከርት የሚባል አርቲስት በርሊን ውስጥ 99 ስልኮች በትንሽ ጋሪ እየጎተተ ባዶ መንገድ ጉግል ካርታ ላይ እንደተጨናነቀ አስመስሎት ነበር።

ለዚህ ነው ዱካ ብቻ አይቶ ካርታው ላይ መንገድን በራሱ የሚዘጋ ፕሮግራም የማልደግፈው። ይጠቁም፣ ጥሩ። መስመሩን የሚነካው ግን ሄዶ ያየ ሰው ይሁን። በስህተት የተዘጋ መንገድ አምቡላንስ ያዞራል፣ ከዚያ ደግሞ ካርታው ተዘግቷል ስላለ ሰው አይሄድበትም፣ ሰው ስለማይሄድበት አዲስ ዱካ አይመጣም፣ ስህተቱም እዚያው ይኖራል። ለጥቂት ቀን የሚዘጋውንማ ባንነካው ይሻላል፤ ካርታውን ስልካቸው ላይ አውርደው ያለ ኢንተርኔት የሚጠቀሙ ሰዎች መንገዱ ከተከፈተ በኋላም እንደተዘጋ ነው የሚያዩት።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ የሰዎቹ ጉዳይ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ እንቅስቃሴ አይቶ፣ አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች ብቻ 95 በመቶውን ለይቶ ለማወቅ እንደሚበቁ አሳይቷል። አስቡት፣ ዱካ በጣም የሚያስፈልገን ጥቂት ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው፣ ሰውየው ማን እንደሆነ በቀላሉ የሚታወቀውም እዚያው ነው። ስለዚህ የጉዞው መነሻና መድረሻ ይቆረጥ፣ ከተወሰነ ቁጥር በታች ሰው ያለፈበት መንገድ ጨርሶ አይታይ። ፍንጭ ያመልጠን ይሆናል፣ ያምልጠን።

እናንተ የተዘጋ መንገድ ካጋጠማችሁ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ቦታው ላይ ማስታወሻ መተው ትችላላችሁ። ያያችሁበትን ቀን ጻፉ። ምን እንደዘጋው ጻፉ፣ አጥር ነው፣ ቁፋሮ ነው፣ ድልድዩ ፈርሶ ነው? እግረኛ ያልፍ እንደሆነም ጨምሩበት፣ እሱን ከመኪና ዱካ ማንም አያገኘውም። በሉ፣ ቻው።