ገና ማጨስ የጀመረው ልጅ ለምን ትንፋሽ አጠረው?

(ምስል፦ ደሴ ፒያሳ፣ ማለዳ። ጦሳ በጉም ተሸፍኗል። ሱቅ በደረቴ ያነገተ ልጅ ያልፋል።)

ተራኪ፦ የሲጋራ ጉዳት ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ሠላሳ ዓመት ያጨሰውን ሰው ነው። ደረቱ የሚያፏጨውን፣ ዳገት ላይ ቆሞ የሚያርፈውን። ወጣቱ ደግሞ «እኔ ገና ነኝ» ይላል። የዛሬው ቪዲዮ ስለዚህ «ገና ነኝ» ባይ ነው።

በሽታው አኪዩት ኢዮሲኖፊሊክ ኒሞኒያ ይባላል። ድንገተኛ የሳንባ ብግነት ነው። ብርቅ ነው፤ ያጨሰ ሁሉ አይያዝም። የሚገርመው ግን ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ማጨስ ከጀመሩ ገና ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት የሆናቸው መሆኑ ነው። አቁመው የተመለሱ፣ በቀን የሚያጨሱትን በድንገት የጨመሩም አሉበት።

(ምስል፦ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቁጥሮች)

እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ኢራቅና አካባቢዋ ከዘመቱ 183,000 ገደማ የአሜሪካ ወታደሮች 18ቱ በዚህ በሽታ ታመሙ። 18ቱም አጫሾች ነበሩ። 14ቱ የጀመሩት በቅርቡ ነው። አብዛኞቹ የመተንፈሻ ማሽን አስፈለጋቸው፤ ሁለቱ ሞቱ። ለጦር ሜዳ ብቁ ናችሁ የተባሉ ልጆች እኮ ናቸው!

(ምስል፦ የሳንባ አኒሜሽን)

ኢዮሲኖፊል የነጭ ደም ሴል ዓይነት ነው። ዋና ሥራው እንደ ወስፋት ያሉ ጥገኛ ትላትሎችን መዋጋት ነው። ጤነኛ ሳንባ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ጭሱን ያልለመደ ሳንባ አንዳንዴ በድንጋጤ የአደጋ ምልክት ይልካል። ያኔ እነዚህ ሴሎች ወደ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ይጎርፋሉ። ከሳንባ ታጥቦ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ካሉት ሴሎች ከ25 በመቶ በላይ እነሱ ይሆናሉ። ከረጢቶቹ ያብጣሉ፣ ውሃ ይቋጥራሉ። ኦክስጅን ማለፊያ ያጣል።

ምልክቱ ትኩሳት፣ ሳል፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረትና የትንፋሽ ማጠር ነው። እኛ ዘንድ «ብርድ መታህ» ይባልና ዳማ ከሴ ይታሻል። ለጉንፋን እኔም አልጠላውም። ይህ ግን በቀናት ውስጥ ከሳል ወደ ኦክስጅን ጭምብል ያደርሳል። ቁጭ ብለህ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ከንፈርህ ከጠቆረ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የጤነኛ ሰው የኦክስጅን መጠን እንኳ እዚህ ከቆላው ትንሽ ዝቅ ይላል። «ኮምቦልቻ ወርጄ አየር ልቀይር» የሚልም አይጠፋም። ሲወርድ ቀለል ይለው ይሆናል፤ ብግነቱ ግን አብሮት ይወርዳል።

(ምስል፦ የሐኪም ክፍል። ወጣት፣ አጠገቡ እናቱ።)

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ራጅ ሲነሳ ሁለቱም ሳንባ ነጭ ነጭ ይላል። ተራ የሳንባ ምች ይመስላል፤ ቲቢም ይጠረጠራል፣ መጠርጠሩም ልክ ነው። የደም ምርመራው መጀመሪያ ላይ ኢዮሲኖፊልን ላያሳይ ይችላል። ሳንባን አጥቦ የሚመረምረው መሣሪያ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ስለዚህ ሐኪሙን ወደ መልሱ የሚመራው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ታጨሳለህ? መቼ ጀመርክ?»

ልጁ እናቱን ያያል። «አላጨስም» ይላል።

ምን ያድርግ? በርጫ ላይ አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ እያለ የጀመረውን ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም። ሕጉ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥ ይከለክላል፤ ሱቁ ግን መታወቂያ አልጠየቀውም። እኔን ብትጠይቁኝ ጥፋቱን ሁሉ ልጁ ላይ አልጭንም። እናት ሆይ፣ ሐኪሙ «ትንሽ ውጪ ይጠብቁን» ቢልዎት ቅር አይበልዎት። ሐኪሞችም ጥያቄውን ለብቻ ጠይቁ። ሺሻንና ቬፕን (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን) ጨምሩበት፤ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ተመሳሳይ ሕመምም ታይቷል።

ምክንያቱ ከታወቀ ሕክምናው ደስ ይላል። ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ የስቴሮይድ መድኃኒት ሲሰጥ ብዙ ታማሚዎች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መተንፈስ ይቀላቸዋል። ይህን ሰምቶ ፋርማሲ የሚሮጥ ካለ ግን ቆም ይበል። ሕመሙ ቲቢ ከሆነ ስቴሮይድ ብቻውን ሊያባብሰው ይችላል። ኢንፌክሽን አለመኖሩን ማጣራት የሐኪሙ ሥራ ነው።

የዳነ ሰው ሳንባው አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ ሳይተው ይጠራል። ወደ ሲጋራው የተመለሱ አንዳንዶች ግን በሽታው እንደገና ይዟቸው ሆስፒታል ገብተዋል።